ፍርስራሹንም ተሳለሙት

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ መናኸሪያ የሚነሳ ተሳላሚ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የያዘውን ዕቃ ማየት ይበቃል። ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠለ ወደ ሰከላ ነው፤ ግሽ አባይ ሊጠመቅ፣ ሲመለስም ለጎረቤት ጠበል ሊያደርስ። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በገመድ ያሰረ ራቅ ያለ መንገድ አለበት፤ ግሸን ወይ ላሊበላ። የጉዞ ማኅበር ስም የታተመበት ነጭ ቲሸርት የለበሰ ከሆነ ደግሞ የከተማ ልጅ ነው፤ የትም ይሂድ የት ስልኩን ቻርጅ ሳያደርግ አይወጣም (ራሳችንን እያማን ነው)። መርጡለ ማርያም የሚሄድ ሰው ግን ምልክት የለውም። ከኛ አካባቢ የሚሄደውም ጥቂት ነው። «እዚያ ምን አለ?» ብለው የሚጠይቁን የጎጃም ልጆች ብዙ ናቸው።

እዚያ ያለው ፍርስራሽ ነው።

በእርግጥ ፍርስራሽ ብቻ አይደለም። መርጡለ ማርያም ዛሬም የሚቀደስባት፣ የሚቆረብባት ጥንታዊ ገዳም ናት። ነገር ግን ከሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ሌላ በግቢው ውስጥ ጣሪያ የሌለው፣ ግድግዳው ቦታ ቦታ ላይ ብቻ የቆመ፣ ድንጋዩ በአበባና በሐረግ የተቀረጸ አንድ አሮጌ ሕንፃ አለ። እኛ ልናወራችሁ የፈለግነው ስለዚህኛው ነው። ምክንያቱም በቅርቡ ስለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ እርስ በርሳችን ተጣልተናል፤ ጠቡንም ያለዚህ ፍርስራሽ ልናስረዳችሁ አንችልም።

የሄድነው በ2011 ዓ.ም. ለጥር 21፣ ለአስተርዮ ማርያም ነው። ስምንት ነበርን። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ የቀረነው ደግሞ «ጎጃሜ ነን» እያልን አዲስ አበባ የምንኖር። ካርታ ላይ ካያችሁት ከፍኖተ ሰላም መርጡለ ማርያም በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ልክ በመስመር። ችግሩ መሃል ላይ ጮቄ ተጋድሟል። ስለዚህ መኪናው ተራራውን በግራ እያደረገ ይዞራል፤ ደምበጫ፣ አማኑኤል፣ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ እያለ። አባቶቻችን ይህን መንገድ በእግር ነበር የሚሄዱት። እኛ በመኪና ሄደንም ወገባችን ተቆርጧል።

ታሪኩን ባጭሩ እንንገራችሁ (ስለ ጥንቱ ስናወራ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ)። ትውፊቱ የመርጡለ ማርያምን ምሥረታ ወደ አብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል። ስሟ በግዕዝ የማርያም ድንኳን፣ የማርያም አዳራሽ እንደማለት ነው። ፍርስራሹ የሆነው ሕንፃ ግን ከንግሥት እሌኒ ጋር ነው የሚያያዘው። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ናት፤ ከሙስሊም ቤት ወጥታ፣ ተጠምቃ፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት የሆነች። በ1508 ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ አገሪቱን በእንደራሴነት የመራችው እሷ ናት። የአርመኑን ማቴዎስ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል የላከችውም እሷው። መልሱ፣ ማለትም የፖርቱጋል መልእክተኞች፣ በ1520 ደረሰ።

ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አንድ የሚገርም ነገር ጽፏል። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቀደም ብሎ አገራችን ገብቶ እንዳይወጣ ተከልክሎ ይኖር ነበር። ይህ ሰው ንግሥቲቱ ጎጃም ውስጥ ላሠራችው ቤተ ክርስቲያን መንበሩ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያሳይ ታዝዞ መሄዱን፣ መንበሩም ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ መሞላቱን ነግሮታል። ያቺ ቤተ ክርስቲያን መርጡለ ማርያም ናት ይላሉ ብዙዎቹ የታሪክ ሰዎች። ወርቅ ያለበት ቤት ደግሞ ዕድሜው እንደማይረዝም ታውቃላችሁ። በ1530ዎቹ በኢማም አሕመድ ጦርነት ተዘርፋ ተቃጠለች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ለኛ ይቀል ነበር። በዳይና ተበዳይ ያለበት፣ ለፌስቡክ የሚመች ታሪክ ይሆን ነበር። ግን አላበቃም። ከ90 ዓመት ግድም በኋላ፣ አፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት በገቡበት ዘመን፣ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን እነብሴ መጥተው በዚያው ፍርስራሽ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን እንደገና አነሱት። ሥራውን የመራው ብሩኖ ብሩኒ የተባለ ጣልያናዊ ቄስ ነው። (ግሽ አባይን በ1618 አየሁ ብሎ የጻፈው ፔድሮ ፓኤዝም የዚያው ማኅበር ሰው ነበር።) በ1632 ከብዙ ደም መፍሰስ በኋላ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መለሱ፣ ዙፋኑንም ለፋሲል ለቀቁ፤ ፋሲልም ሚስዮናውያኑን አባረሩ። ሕንፃው ቀረ። ከዚያ ጊዜ ወሰደው። በ1840ዎቹ ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ ሲደርስ ያገኘው ፍርስራሽ ነበር፤ አገሩ ሲመለስም ስለ እሱ ጽፎ አሳተመ።

እንግዲህ የቆመው ግድግዳ የማን ነው? የትኛው ጥርብ የእሌኒ ሠራተኞች፣ የትኛው የብሩኒ ሠራተኞች እንደሆነ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ከመካከላችን አንዷ (የቡሬዋ ልጅ፣ ክርክር የምትወድ) ቅርጹ ላይ እጇን አድርጋ «ይሄኛውን የጠረበው ኦርቶዶክስ ይሁን ካቶሊክ ድንጋዩ ይነግረኛል ብዬ ነበር» አለችን። ድንጋዩ ዝም።

አሁን ወደ ተሳላሚው እንምጣ። በክብረ በዓሉ ቀን ሕዝቡ ከበሩ ጀምሮ ይሳለማል። በሩን፣ ደጀ ሰላሙን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በየአቅጣጫው። እናቶች ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው የሚቆዩት ቆይታ ለኛ ለችኩሎቹ ሩቅ ነው። ፍርስራሹ ጋ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። አለፍ አለፍ። ወጣቱ ግድግዳው ላይ ወጥቶ እግሩን አንዠርግጎ ይቀመጣል፣ ሰልፊ ይነሳል፣ ዳቦውን ይቆርሳል። በአምስት መቶ ዓመት አበባ ላይ ኮካ ያስቀመጠም አይተናል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ፍርስራሹ የጸሎት ቦታ ነው ብሎ የነገረው ስለሌለ ነው። በልባችን «ቅርስ» የሚባለው የጉብኝት ነው፣ «ቅዱስ» የሚባለው የጸሎት ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም።

አንድ አረጋዊ ካህን ጠጋ ብለን ጠየቅናቸው።

«አባ፣ ሰው ይሄኛውን ለምን አይሳለመውም?»

«ልጆቼ፣ ታቦቱ ያለው ወዲያ ነው። ይሄ እኮ ድንጋይ ነው።»

«ታዲያ ድንጋይ ከሆነ ለምን አያነሱትም? ለአጥር እንኳ ይሆን ነበር።»

እንደ መቆጣትም እንደ መሳቅም አደረጋቸው። «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! የእሷን ቤት ማን ያነሳል?»

ይቺ መልስ ከዚያ ወዲህ አብራን ትዞራለች። ድንጋይ ነው፤ ግን የእሷ ቤት ነው። በአገራችን ትምህርት ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦቱ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ታቦቱ መቃኞ ይገባል፣ አዲስ ሲሠራለት ይመለሳል፤ ስለዚህ የሞተ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር ብዙ አናውቅም። የፈረንጅ አገር ፍርስራሽ ከዚህ ይለያል። እንግሊዞች ንጉሣቸው ገዳማቱን ሲዘጋ ነው ፍርስራሽ ያገኙት። ግላስተንበሪ በ1539 ተዘጋ፣ አበ ምኔቱ ከተማዋ አጠገብ ያለው ኮረብታ ላይ ተሰቀሉ፣ ሕንፃው ለድንጋይ ተፈታ። ዛሬ ክርስቲያኖች በየዓመቱ ሣር ላይ ቆመው ጣሪያ በሌለው ገዳም ይጸልያሉ። ሌላ መጸለያ አጥተው አይደለም፤ ሆነ ብለው እዚያው ነው የሚሄዱት።

ፈረንጅ ስላደረገው እናድርግ አንልም። ኧረ የኛዎቹስ? ኢየሩሳሌም የሄደ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ። የኛ መነኮሳት ዴር ሱልጣን ላይ የሚኖሩት፣ በፋሲካ ድንኳን ተተክሎ ዝማሬ የሚደረገው፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ በመስቀል ጦረኞች ዘመን የተሠራ ገዳም ፍርስራሽ መሃል ነው። የተሰበሩት ቅስቶች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ከሥር ያለው ደግሞ የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ነው (ስሙን ልብ በሉ)። ለዚያች ጣሪያ እያንዳንዷ ክንድ ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ለዘመናት ስንካሰስ ኖረናል። የላቲኖች ፍርስራሽ ነው ብለን አልናቅነውም። ባሕር ተሻግረን የምንሳለመውን ዓይነት ድንጋይ እነብሴ ሲሆን ዳቦ የምንበላበት ለምንድን ነው?

ወደ ጠቡ ደርሰናል።

ባለፈው ዓመት ከቡሬ ወጣ ብላ ካለች አንዲት የገጠር ደብር (ስሟን አንጠራም) የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ደብዳቤ ላከልን። ዕርዳታ ነው የሚጠይቁት። የሚሠሩት የብሎኬት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጉልላት ያለው፣ ሴራሚክ የሚነጠፍበት። ፕላኑ ተያይዟል። ፕላኑ ላይ አዲሱ የሚቆመው አሮጌው ባለበት ቦታ ነው። አሮጌው ይፈርሳል ማለት ነው።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ በሚያውቃት ማንኩሳ በኩል ስታልፉ፣ በጽድና በወይራ የተከበበ ክብ ቤት ሩቅ ሆኖ ይታያችኋል። ከእንጨትና ከጭቃ ነው፤ ሣሩ በቆርቆሮ ከተተካ ቆይቷል። ውስጡ ሦስት ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ይሸፍነዋል። የድሮዎቹ ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ጭቃው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በግንባሩ የተደፋ ሰው ብዙ ጊዜ አለ፤ ያሣለው ሰው ነው። በዚያች የቡሬ ደብርም አንድ አለ፤ ነጠላ ለብሶ፣ ጺሙ ሾጠጥ ብሎ። የኮሚቴው ሊቀመንበር «ይሄ የእገሌ ቅድመ አያት ነው» ብለው አሳይተውናል። የእገሌ ቤት ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው።

እንግዲህ ሦስቶቻችን «ይሠራ፣ እናዋጣ» አልን፣ አምስታችን እምቢ አልን። እምቢ ያልነው ብንበዛም የሦስቱን ክርክር በትክክል ማቅረብ አለብን፤ ቀላል አይደለምና። ክረምት ሲገባ መቅደሱ ያፈሳል። ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል። በክብረ በዓል ሰው ስለማይበቃው እናቶች ጭቃ ላይ ቆመው ያስቀድሳሉ። «አዲስ አበባ በሚያብረቀርቅ ካቴድራል እያስቀደሳችሁ ገበሬውን ለፎቶ ይመቻችሁ ዘንድ በምስጥ ቤት ቁም ትሉታላችሁ?» አለን ከሦስቱ አንዱ። ዘለግ ያለ ዝምታ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ከእህሉ ሸጦ አዋጥቷል፤ በአስፋልቱ ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ ከመንገደኛ ለምኗል። ይህን ገንዘብ «ለአሮጌ ጭቃ አውሉት» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

እኛ ግን መርጡለ ማርያም ሄደን አይተናል። እዚያ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ አለቀቀም፣ አዲሱም አሮጌውን አልዋጠውም። ሁለቱም በአንድ ግቢ አሉ። ሦስቱ ልጆች «እነብሴ ሰፊ ነው፣ እዚህ የት ታቆመዋለህ? ወይ መቃብር ማንሳት ነው ወይ ጽዱን መቁረጥ» ይሉናል። እውነት አላቸው፤ የገጠር ደብር ቅጥር ጠባብ ነው፣ ዛፉም በየሜዳው ከጠፋ ደን የተረፈ ነው። ቢሆንም ሲለካ በምሥራቅ በኩል የጠበል ማደያ ዳሱ ያለበት ቦታ ይበቃል። አሮጌው ቆርቆሮው ይቀየርለት፣ የተበላው ምሰሶ ይተካ፣ ዕቃ ቤት ይሁን። ይህም ገንዘብ ነው፣ ግን ጉልላቱ ከሚፈጀው ያነሰ ነው ብለን እናስባለን። (ጉልላቱን በተመለከተ የአንዳንዶቻችን አስተያየት ሊታተም አይችልም።)

ሕግም አለ። ቅርስን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ ጥገና እንኳ ከመደረጉ በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል፤ ማፍረስማ የባሰ ነው። በየገጠሩ አዋጁን የሚያነብ የለም፤ ንድፍ የሚሠራው መሐንዲስ ግን ማንበብ ነበረበት። የምንፈራው ሕጉን አይደለም። አንዴ ማፍረስ ከተጀመረ ጨርቁ ላይ ያለው ሥዕል ከጭቃው ጋር በአካፋ ነው የሚነሳው። ከዚያ አዲሱ ግድግዳ ላይ ከአዲስ አበባ ታትሞ የመጣ የሚያብለጨልጭ ሥዕል ይለጠፋል። ያ ሾጣጣ ጺም ያለው ሰውዬ የትም አይገኝም። መርጡለ ማርያምን ያቃጠላት ጦርነት ነው፣ ያፈራረሳት ዘመን ነው። ይህችን ደብር ግን የሚያፈርሳት የኛው መዋጮ ሊሆን ነው፣ ያውም በእልልታ።

ለምን ግድ ይላችኋል ለሚለን ጓደኛችን አንድ ነገር እንበል። ተሳላሚ ሲሳለም ግድግዳውን የሚስመው ድንጋዩ ጣዕም ስላለው አይደለም። ከሱ በፊት የሳሙትን ሰዎች ስለሚያምናቸው ነው። የመርጡለ ማርያሙን ፍርስራሽ ስናስብ የሐድያዋ ልጅ፣ ወርቁን የሞላው ፖርቱጋላዊ፣ ያቃጠለው ወታደር፣ ኖራ ያቦካው የጎጃም ገበሬ፣ የተባረረው ጣልያናዊ ሁሉ እዚያ አሉ። እኛ ካሉት አንዱን ብቻ መርጠን «ይህ የኛ ነው፣ ሌላው ይፋቅ» ብንል የሚተርፈው ግድግዳ ከጉልበት አያልፍም። «የካቶሊክ ነው» እያለ ፊቱን የሚያዞር ወጣት አጋጥሞናል። እመቤታችን ቤት ውስጥ ገብቶ ግንበኛውን ማጣራት ምን የሚሉት መሳለም ነው?

ኑ አብረን እንሂድ ብንላችሁ ደስ ባለን። ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በጎጃም መንገድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ራሷ በአየር ጥቃት ሰው ሞቶባታል። ድሮ ወጀት ትባል የነበረችውን ከተማ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ «የሰላም መንገድ» ብለው ሰየሟት ይባላል። በስሟ የማንቀልድበት ጊዜ ነው። መንገድ ሲዘጋ ከሚቀሩት ነገሮች አንዱ ጉዞ ነው፤ ጠበሉም፣ ክብረ በዓሉም። ከጦርነት በኋላ ምን እንደሚፈርስ ምን እንደሚተርፍ እነብሴ ላይ ስላየን ነው በአንዲት የጭቃ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ የምንጨቀጭቀው።

ለሚሄድ ግን፣ መንገዱ ሲከፈት፦ ጥር 21ን ብትመርጡ ሰው ይበዛል፣ ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ። ብርዱን አትናቁት። ወደ አሮጌው ሕንፃ ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ። ማንም አያስገድዳችሁም፣ ጥቂት ሰዎችም ሊያዩዋችሁ ይችላሉ። እኛ ስናወልቅ አንዲት አሮጊት «ምን አይታችሁ ነው ልጆቼ?» ብለው ጠየቁንና፣ ከዚያ እሳቸውም አወለቁ።

ስምንታችን በመጨረሻ የተስማማንበትን ደብዳቤ ለኮሚቴው ልከናል። እናዋጣለን፤ በሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሥዕሎቹ ማንም አካፋ ሳያነሳ በባለሙያ ይታዩ፣ ፎቶም ይነሱ። ሁለተኛ፣ አዲሱ በምሥራቅ በኩል ይሁን። ሦስቱ ልጆች በመጀመሪያው ተስማምተው ሁለተኛውን «ኮሚቴው ይወስን» በሚል አስለውጠውናል። ሊቀመንበሩ ደብዳቤው እንደደረሳቸው በስልክ ነገሩን፤ ስለ ምሥራቁ ቦታ ስንጠይቃቸው ኔትወርኩ ተቋረጠ። ቀጣዩ ስብሰባ ከመስቀል በኋላ ነው።